አሮጌ አውቶሞቢል ሀብት ነውን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን፥ በኢኮኖሚክስ ክበብ አዘጋጅነት፥ በሐዋሳ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የኢኮኖሚክስ ክበባችን በዚህ በዓል ሰሞን ንግግር እንዳቀርብ ሲያዘኝ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ፈቅዶልኝ ነበር። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ስለ ቡና ንግድ፥ ሌሎቹም ስለ ባንክ ተናገር ብለው መክረውኛል። እኔ ግን ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ዋጋ ለመናገር መርጫለሁ። በከተማችን ብዙ ቤተሰብ ከቤትና ከመሬት ቀጥሎ ጥሪቱን የሚያኖረው በመኪና ላይ ነውና። «መኪና ማለት ገንዘብ ነው፤ ዋጋው አይወርድም» የሚለውን አነጋገር ከደላላው አፍ ብቻ ሳይሆን በየቤታችን በቡና ላይም እንሰማዋለን። ይህ አነጋገር እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ወላጆቻችን የሚያጠራቅሙት ገንዘብ የእኛ የትምህርት ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

በንግግሬ ውስጥ የውጭ አገሩን ነገር በእነርሱ ዘመን አቈጣጠር፥ የአገራችንን ደግሞ በእኛው ዘመን እጠራለሁ። እንዳይምታታባችሁ ብዬ አስቀድሜ መናገሬ ነው።

የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ የሚያስተምረን መኪና ከፋብሪካ ወጥቶ ከተነዳበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እንደሚቀንስ ነው። ይህንንም የእርጅና ቅናሽ ይለዋል። ብረቱ ይዝጋል፤ ጎማው ያልቃል፤ አዲስ ዓይነት ሲመጣ አሮጌው ይናቃል። በአብዛኛው ዓለም ነገሩ እንዲሁ ነው። ነገር ግን ለዚህ ደንብ የማይገዙ ሁለት ዓይነት መኪናዎች አሉ። አንደኛው ዓይነት ሰው ስለ ናፈቀው የሚወደድ ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ሌላ ማግኘት ስላልተቻለ የሚወደድ ነው። ደላላው ሁለቱን ሆነ ብሎ ያቀላቅላቸዋል። እኔ ግን ለየብቻ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

በናፍቆት የመወደድ ዋናው ምሳሌ አሜሪካኖች ጡንቸኛ መኪና የሚሏቸው ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. ፖንቲያክ የተባለው ፋብሪካ 6.4 ሊትር የሚለካውን ትልቁን ሞተር በመካከለኛ መኪና አካል ውስጥ አግብቶ ጂቲኦ ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ፎርድ ሙስታንግን አወጣ። ሼቭሮሌት፥ ዶጅና ፕሊማውዝም ተከትለው እየተፎካከሩ ሠሩ። ሞተራቸው ስምንት ፒስተን ያለው ሆኖ ከአምስት እስከ ሰባት ሊትር የሚደርስ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፥ በመንገዳችን የምናየው የቶዮታ ቪትዝ ሞተር ከእነዚያ የትልቁን አምስተኛ እጅ እንኳ አያህልም።

የእነዚህ መኪናዎች ዘመን አጭር ነበረ። መድን ሰጪዎች በወጣት ነጂዎች ላይ ክፍያውን አከበዱ፤ የአየር ጭስን የሚከለክል ሕግ በ1970 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ የነዳጅ ችግር ደረሰ። ያን ጊዜ ቤንዚን የሚጠጣ ትልቅ ሞተር የሚፈልግ ሰው ስለ ጠፋ ብዙዎቹ በርካሽ ተሸጡ፥ ተሰባበሩ፥ ወደ ብረት ማቅለጫም ሄዱ። ነገር ግን በወጣትነታቸው ሲመኙአቸው የነበሩት ልጆች አድገው ሀብታም በሆኑ ጊዜ ገበያው ተለወጠ። በ1971 እ.ኤ.አ. የተሠራው፥ ሄሚ የሚባለው 7 ሊትር ሞተር ያለውና ጣራው የሚከፈተው ፕሊማውዝ ኩዳ በቁጥር አሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ በ2014 እ.ኤ.አ. በሐራጅ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። «ቡሊት» በተባለው የ1968 እ.ኤ.አ. ፊልም ውስጥ የተነዳው ሙስታንግም በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ከነኮሚሲዮኑ 3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የሚያስገርመው ይህ መኪና ቀለሙ ሳይታደስ፥ እንደ ተፋፋቀ መሸጡ ነው። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ደላላው አስቀድሞ ስቱኮ አስለጥፎ፥ ቀለም አስቀብቶ፥ ግማሽ ዋጋውን ባጠፋው ነበር።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው «አሮጌ መኪና ይዞ መቆየት ያከብራል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚሁ ላይ አንድ ቁጥር ጨምሩበት። ሙስታንግ በተሸጠበት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ400,000 በላይ ገዢ አግኝቷል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። ሚሊዮን ዶላር ያወጡት ግን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ጋዜጣ የሚጽፈው ስለ እነዚህ ነው፤ በጓሮ ዝጎ ስለ ቀረው ማን ይጽፋል? ደግሞም የገንዘብ ቀውስ በደረሰበት በ2008 እ.ኤ.አ. የእነዚህ መኪናዎች ዋጋ በብርቱ ወድቆ ነበር። ናፋቂው ትውልድ ሲያረጅና ሲያልፍ ልጆቹ ያንኑ መኪና በዚያው ዋጋ ይፈልጉት እንደ ሆነ በዚያ አገር ዛሬም የሚያከራክር ነገር ነው። ናፍቆት እንደ ርስት ለልጅ አይተላለፍምና።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ።

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው መኪና ሁሉ ከባሕር ማዶ ተሻግሮ፥ ቀረጥ ከፍሎ፥ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። የአሜሪካ ጡንቸኛ መኪና በእኛ አገር ያልበዛበትም ምክንያት ግልጥ ነው፤ ቤንዚኑንም ሆነ መለዋወጫውን የሚችል አልነበረም። በአገራችን ሥር የሰደዱት ትናንሾቹና ብርቱዎቹ ናቸው። በአዲስ አበባ ትንሿ ፊያት 600፥ በጣሊያንኛ ስሟ ሴይቼንቶ፥ ታክሲ ሆና አገልግላለች። በሐረርና በድሬዳዋ ፔጆ 404 የከተማው መልክ እስኪመስል ድረስ ታወቀ፤ ይህ መኪና ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ የተሠራ ሲሆን በሐረር በር ሲመላለስ ያላየ እንግዳ የለም። በደርግ ዘመን ላዳ ከሶቪየት ኅብረት መጣ። በገጠሩ መንገድ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ቡናውንም፥ ሰውንም፥ በሬውንም ተሸከሙ። ኮሮላ ዲኤክስን እንኳ ለእናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በዲኤክስ ተጭኖ ሐኪም ቤት ያልሄደ ቤተሰብ ጥቂት ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ በሰው ልብ ውስጥ የገባው ግን ቮልስዋገን ነው። ሕዝቡ ቮልስ ብሎ ያሳጥረዋል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ የተሠራ ሲሆን የመጨረሻው ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣው በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የለው፥ ውሃ አይፈልግም። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ራዲያተር ፈልቶበት መንገድ ዳር የቆመ ነጂ የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። በታሪካችንም ስሙ ተጽፏል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ይህን ታሪክ ተንተርሶ «ያቺው መኪና ይቺ ናት» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሊብሬውን ጠይቁት። ታሪክ ዋጋ አለው፤ ግን ወረቀት ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ የምለው የነገሩ ዋና ክፍል ስለ ሆነ ጥቂት ሒሳብ ይዤ እቈያለሁ፤ ወላጆች ታገሡኝ።

በአገራችን አሮጌ መኪና ዋጋው ያልወረደው ሁሉም በናፍቆት አይደለም። አብዛኛው የቀረጡ ግንብ ስለ ተጠጋው ነው። ለብዙ ዓመታት የነበረውን ስሌት ልንገራችሁ። አንድ መኪና ከነማጓጓዣው ጉምሩክ ሲደርስ 100 ብር ያወጣል እንበል፤ ቁጥሩ ለማሰብ እንዲመች ነው። በዚህ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ሲጨመር 135 ይሆናል። ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ ከሆነ ኤክሳይዝ ታክስ 100 በመቶ ነበር፤ 270 ሆነ። በዚህ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲደመር 310 ብር ተኩል ይሆናል፤ ሱር ታክስ 10 በመቶ ሲከተለው 341 ብር ከ55 ሳንቲም ይደርሳል። እንደምታዩት እያንዳንዱ ግብር ከፊተኛው ድምር ላይ ስለሚታሰብ ነገሩ እንደ ደረጃ እየወጣ ይሄዳል። የ100 ብሩ መኪና ገና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ ከ340 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ለአዲስ ትንሽ መኪና ግብሩን ቀነሰ፤ ባገለገለ መኪና ላይ ግን እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ እየጨመረ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በዚያው ስሌት ብንሄድ 135 ብሩ በኤክሳይዙ 810 ይሆናል፤ በሌሎቹ ሁለት ግብሮች አልፎም ከ1,024 ብር በላይ ይወጣል። የ100 ብር አሮጌ መኪና አሥር እጥፍ! ከዚያ ቀን ወዲህ ያረጀ መኪና ከውጭ ማስገባት ለነጋዴ የሚያዋጣ አልሆነም። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚነዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ።

ስለዚህ አስቀድሞ በአገር ውስጥ ያለው ዲኤክስ ዋጋው የተያዘው ከበስተጀርባው ተተኪ የሚገባበት በር ስለ ጠበበ ነው። በሩ አንድ ቀን ቢከፈት ያ ዋጋ ምን ይሆናል? ዲኤክስ ቆንጆ ስለ ሆነ የሚገዛው የለም፤ ስለሚሠራና መለዋወጫው በአዲስ አበባ ሱማሌ ተራም ሆነ እዚሁ ሐዋሳ ስለሚገኝ ነው። እንዲህ ያለው ንብረት መሣሪያ ነው እንጂ ቅርስ አይደለም። የመሣሪያ ዋጋ ደግሞ የተሻለ መሣሪያ በመጣ ጊዜ ይወርዳል። በሹሩባ ዘመን የነበረን ማበጠሪያ ሁሉም ሰው ፀጉሩን ሲቈረጥ ማን ይገዛዋል?

ሌላው ስሕተት የብር ዋጋን ከእውነተኛ ዋጋ ጋር ማምታታት ነው። አንድ ሰው መኪናውን በ100,000 ብር ገዝቶ ከዓመታት በኋላ በ300,000 ብር ቢሸጥ፥ ሰፈሩ ሁሉ «ሦስት እጥፍ አተረፈ» ይለዋል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የጤፍ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሆኖ ከሆነ፥ ሰውየው የያዘውን ያህል ያዘ እንጂ አላተረፈም። እስከዚያ ድረስ ለጋራዥ፥ ለጎማ፥ ለቦሎና ለሦስተኛ ወገን መድን የከፈለውን ብትቀንሱበት እንዲያውም ከስሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን የመኪና ዋጋ ሲጨምር ያዩ ሰዎች መኪናው የከበረ መሰላቸው። ብሩ ነው የረከሰው።

ሆኖም ለወላጆቻችን ፍርድ ልስጥ፤ ሰው ወደ መኪና የሸሸው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የኑሮ ውድነቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። በ7 በመቶ ወለድ 30 በመቶ ውድነትን መከላከል፥ በጃንጥላ የሐዋሳን ሐይቅ ማዕበል እንደ መከላከል ነው። እንግዲህ ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ ብረት ላይ ያዋለው ሰው ሞኝ አይደለም። ሞኝነቱ ብረት ሁሉ አንድ ነው ማለቱ ላይ ነው።

ነገሩን ከቤታችን በተወሰደ ምሳሌ ላስረዳ። አያቴ በወጣትነታቸው መምህር ሳሉ የገዙት ቮልስዋገን አላቸው። ቀለሙ ክሬም ነው፤ ፓራውርቲው ግራ በኩል ጐብጧል። ባለፈው ዓመት ታላቅ እኅቴ ለኮሌጅ የሚከፈል ገንዘብ ባስፈለጋት ጊዜ በቤተ ዘመድ ፊት መኪናው ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚል ክርክር ተነሣ። አጐቴ «ቆዩ፤ እንዲህ ያለ መኪና በአውሮጳ ወርቅ ነው» አሉ። እናቴ በበኩላቸው «ወርቅ ከሆነ ጥሩ፤ ልጅቷ ግን የምትመዘገበው ሰኞ ነው» አሉ። አያቴ ብዙም ሳይናገሩ ደላላው እንዲጠራ ፈቀዱ።

ደላላው መጀመሪያ የጠራው ዋጋ ሁላችንንም ያስደሰተ ነበር። ሁለተኛ ቀን አንድ መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒኩ የኋላ መቀመጫውን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን የሻንሲ ቁጥር አነበበ፤ ቀጥሎም የኋላውን ክዳን ከፍቶ ከዲናሞው እግር ሥር ያለውን የሞተር ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ አየ። የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ገጠመ፤ የሞተሩ ግን አልገጠመም። አያቴም በደርግ ዘመን ሞተሩ ተቃጥሎ ሌላ እንዳስገቡ፥ በሊብሬው ላይ ግን ሳይመዘገብ እንደ ቀረ ተናገሩ። ደላላው ያን ጊዜ ዋጋውን በእጅጉ አወረደው። «ይህ አሁን የሚገዛው ለመለዋወጫ ነው» አለ።

በዚያን ቀን ሁለት ነገር ተማርሁ። አንደኛው፥ አሜሪካኖች ሚሊዮን ከሚከፍሉበት ምክንያት አንዱ ሞተሩና ሻንሲው ከፋብሪካ አብረው የወጡ መሆናቸው ነው፤ እኛም በቤታችን ያን ምክንያት በትንሹ አየነው። ሁለተኛው፥ መኪና እየቈረሱ የሚሸጡት ነገር አለመሆኑ ነው። በባንክ ያለ ገንዘብ ለአንድ መንፈቅ የሚበቃው ብቻ ይወጣል። የመኪናን አንድ በር ሸጦ የትምህርት ክፍያ መክፈል ግን አይቻልም፤ ወይ ሁሉም ይሸጣል ወይ ሁሉም ይቀራል። የቸገረው ሻጭ ደግሞ በገበያ ፊት ራቁቱን ነው። እኅቴ የተመዘገበችው በእናቴ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው የወጣለት ጎረቤታችን ተራውን ለቀቀልን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

መኪናው ከዚያ በኋላ አልተሸጠም። አያቴ ሞተሩን በሕግ ለማስመዝገብ ለመንገድ ትራንስፖርት ማመልከቻ አቅርበዋል፤ የቀድሞውን የሞተር ግዢ ደረሰኝ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ፥ ከተማሪዎቻቸው የውጤት ደብተር መካከል አግኝተውታል። እናቴ ስቀው «መምህር ወረቀት አይጥልም» ብለዋል።

አሁን ቮልስ ለመግዛት የሚያስብ ወላጅ በአዳራሹ ካለ ምን እንደሚመለከት ልንገረው። ቀለሙ ዓይኑን አያታልለው፤ ቀለም ከሁሉ ርካሹ ነገር ነው። በሮቹን ከፍቶ ከሥራቸው በርዝመቱ የሚሄደውን ሣጥን መሰል ላሜራ በእጁ ይምታው፤ የመኪናው ጥንካሬ እዚያ ነው፤ ከበሰበሰ ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ የፈሰሰበት ወለል ይበሳል፤ ምንጣፉን አንሥቶ ይይ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የነፋስ ማስተላለፊያ ቆርቆሮዎች እንዳልጐደሉ ያረጋግጥ፤ አንዳንድ ጋራዥ «ትርፍ ነው» ብሎ ይጥላቸዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። ከመጀመሪያው ጋር የመጣ መሪ፥ መብራት፥ የፍጥነት ሰዓት፥ መቀመጫ ካለው እንዳይለውጠው። በአዲስ አበባ አንዳንድ ወጣቶች ቮልስን ዝቅ አድርገው፥ ሰፊ ጎማ አስገብተው፥ ቀለሙን አብለጭልጨው ሲነዱ አይቻለሁ፤ ለዓይን ያስደስታል፤ ነገ ለሚሸጥ ግን ገዢው ያንኑ ጣዕም የወደደ ሰው ብቻ ይሆንበታል። ዋጋ የሚይዘው እንደ ጥንቱ የቆየው ነው።

ስለ ወደፊቱ ደግሞ የሚታየኝን ልናገር፤ ነቢይ አይደለሁም።

በአንድ በኩል የቤንዚን መኪና መግባት እስከ ተከለከለ ድረስ ያሉት እየተፈለጉ ይሄዳሉ። በሌላ በኩል መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሣ ስለ መጣ ቤንዚን ተወድዷል። በኤሌክትሪክ የሚነዱት ደግሞ በዚያው 2014 ዓ.ም. ከኤክሳይዝ፥ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነዋል፤ ተገጣጥሞ የሚመጣው የጉምሩክ ቀረጡ ያን ጊዜ 15 በመቶ ብቻ ሆኖ ነበር። ቀደም ብዬ ያሳየኋችሁን ስሌት በዚህ ብትሠሩት የ100 ብሩ መኪና በ115 ይገባ ነበር። በ341ና በ115 መካከል ያለው ልዩነት ለዲኤክስ ባለቤት ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ባትሪ የሚሞላበት ቦታና ባትሪ የሚጠግን ባለሙያ በሐዋሳ እንደ አሸን እስኪበዛ ድረስ ጊዜ ይወስድ ይሆናል፤ ግን ይመጣል። ያን ጊዜ ለሥራ ብቻ የሚፈለገው አሮጌ መኪና ቀስ በቀስ ይረክሳል ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ዲኤክስ ያለው ሰው በእርሱ ይሥራበት፤ ይነግድበት፤ ቤተሰቡን ያመላልስበት፤ ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ጥሪት ነው ብሎ ግን ቆልፎ አያስቀምጠው። ላዳም እንዲሁ ነው። ስለ ላዳ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ቮልስ፥ ፔጆ 404፥ ሴይቼንቶና የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች የተለየ ዕድል ያላቸው ይመስለኛል። ቁጥራቸው ከእንግዲህ አይጨምርም፤ በየዓመቱም ይቀንሳል። የንጉሠ ነገሥቱ አሮጌ መኪናዎች ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኖ በ2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለሕዝብ ይታያሉ፤ ሰው አሮጌ መኪናን ለማየት ቲኬት መቍረጥ መጀመሩ የአስተሳሰብ ለውጥ ነው። ነገር ግን ገበያው ገና ጠባብ ነው። በአሜሪካ ሐራጅ አለ፤ የዋጋ መጽሐፍ አለ፤ የመኪናውን ትክክለኛነት የሚመሰክር ባለሙያ አለ። እኛ ዘንድ ያለው ደላላና ወሬ ነው። ገዢው አንድ ወይም ሁለት በሆነበት ገበያ፥ ዋጋው ከፍ ያለ መስሎ ይታያል እንጂ ሻጭ በፈለገበት ቀን አያገኘውም። በዚህ ምክንያት ለቮልስ ብሎ መሬት የሚሸጥ፥ ወይም ብድር የሚገባ ሰው ካለ እኔ በበኩሌ አልመክረውም። ያለው ግን ይጠብቀው፤ ወረቀቱንም እንደ መኪናው ይጠብቅ።

የክበባችን መምህር በሰጡን ሐሳብ መሠረት የሚመጣው ሴሚስተር አንድ ሥራ ጀምረናል። በሐዋሳ ያሉትን ከ1967 ዓ.ም. በፊት የተሠሩ መኪናዎች ከፒያሳ እስከ አላሙራ፥ ከሐይቅ ዳር እስከ ታቦር ሰፈር እየዞርን እንመዘግባለን፤ ዓይነቱን፥ የተሠራበትን ዓመት፥ ሞተሩ የመጀመሪያው መሆን አለመሆኑን፥ ባለቤቱ ፈቅዶ ከነገረንም የተገዛበትን ዋጋና የዚያን ጊዜ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ጐን ለጐን እንጽፋለን። የባለቤቱ ስምና ታርጋ አይጻፍም። ወላጆች መዝጋቢዎቻችን በራችሁን ሲያንኳኩ የመንግሥት ግብር ሰብሳቢዎች አለመሆናቸውን አውቃችሁ በደስታ እንድትቀበሉአቸው እለምናለሁ።

የአያቴ ቮልስ በእርሳቸው ፈቃድ ከአዳራሹ ውጭ፥ ከግራር ዛፉ ሥር ቆሟል። ከጥያቄና መልስ በኋላ ማየት የምትፈልጉ ተማሪዎች በአምስት በአምስት እየሆናችሁ ኑ። የሻንሲው ቁጥር የት እንዳለ፥ የሞተሩም የት እንዳለ ነግሬአችኋለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደሚያገኘው እናያለን። አያቴ መቀመጫውን በጫማ እንዳትረግጡ አደራ ብለዋል።